ጩኸትና ጫጫታ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዓመቱ ውስጥ በሞት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር እንላለን።

የገንዘቡን ነገር ሒሳብ ሹሙ ተናግረዋል። የድንኳኑን መቀደድ፣ የጎደለውን ብርጭቆና የሰሃኑን ቁጥርም ከንብረት ክፍሉ ሰምታችኋል። ለእኛ የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ ስለ አንድ ቃል ብቻ እንናገራለን። ቃሉም «ጩኸት» የሚለው ነው። እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ነው። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በላይ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ቃለ ጉባኤ ስንይዝና መዝገብ ቤት ስንሠራ አንድ ነገር ተምረናል፤ ይኸውም ጉዳይ የሚወሰነው አስቀድሞ በተጻፈበት ቃል መሆኑን ነው።

«ስለ ጩኸት ደግሞ ምን የሚነገር አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በዚህ ዓመት ለኮሚቴው ከቀረቡት ክርክሮች ሦስቱ የድምፅ ነገር ናቸው። አንደኛው፣ ጡሩንባው ቀርቶ የስልክ መልእክት ይበቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በለቅሶ ድንኳን ስለሚተከለው ድምፅ ማጉያ ነው። ሦስተኛው፣ ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ማን ይውጣ የሚለው ነው። በሦስቱም ላይ አንዱ «ጩኸት ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ ጫጫታ ነው» እያለ ስንከራከር ከረምን። እንግዲህ በቃሉ ያልተግባባ ሰው በደንቡ እንዴት ይግባባል?

ጮኸ የሚለው ቃል ለሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ውሻ ይጮኻል፤ ጅብ ይጮኻል፤ ቁራ ይጮኻል። ማጠፊያው የዛገ በር ይጮኻል። የተራበ ሰው ሆዱ ይጮኻል። ጆሮ ሲጮኽ «ሰው እያማኝ ነው» ይባላል። ቀለም እንኳ ሳይቀር ይጮኻል፤ ዓይን የሚወጋውን ልብስ «ጯሂ ቀለም» እንለው የለም ወይ? በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ምንድን ነው ብለን ብንመረምር፣ ሳንፈልግ እንድንሰማ ወይም እንድናይ የሚያስገድደን መሆኑ ነው። ተራ ድምፅ ቢሰሙትም ባይሰሙትም ያልፋል። ጩኸት ግን «ዙር፣ ወዲህ ተመልከት» ይላል።

ተረቶቻችን ግን ጩኸትን ሲያሞግሱ አንሰማም። «ጩኸት ለቁራ፣ መብል ለጅግራ» ይባላል፤ አንዱ ሲለፋና ሲጮኽ ሌላው ዝም ብሎ ይበላል ማለት ነው። «ባዶ በርሜል ይጮኻል» ይባላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ ይህም ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚንጫጫ ሰው የሚነገር ነው። «ግመሉም ይሄዳል፣ ውሻውም ይጮኻል» የሚለውንም ታውቁታላችሁ። ታዲያ እነዚህን ብቻ የሰማ ሰው ጩኸት ከንቱ ነገር ነው ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ የተነሡት ቁራ፣ በርሜልና ውሻ ናቸው። የተጨነቀ ሰው በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

ስለ ተጨነቀ ሰው ስንናገር አነጋገራችን ሌላ ነው። በዳዩ ቀድሞ ሄዶ ተበደልኩ ብሎ ሲከስ፣ የተበደለው ሰው ምን ይላል? «ጩኸቴን ቀማኝ» ይላል። ይህ አነጋገር ትልቅ ነገር ይዟል። ሰው የሚቀማው ያለውን ነው። በሬውን፣ ላሙን፣ መሬቱን ይቀማል። ጩኸቱንም የሚቀማ ከሆነ ጩኸት የሰው ሀብት ነው ማለት ነው፤ ያውም ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት የሚቀረው የመጨረሻ ሀብቱ ነው። ለዚህ ነው ከብቱን ከተቀማው ይልቅ ጩኸቱን የተቀማው ሰው የሚያንገበግበው።

በዚህ ቃል ላይ አንዲት ፊደል ስትጨመርም ብዙ ነገር ይለወጣል። «ጮኸበት» ብንል ተቆጣው፣ ገሠጸው፣ አዋረደው ማለት ነው። «ጮኸለት» ብንል ግን ስለ እርሱ ተናገረለት፣ ችግሩን ችግሬ ብሎ አሰማለት ማለት ነው። «በ» እና «ለ» ብቻ ናቸው የተለያዩት። አለቃው የጮኸበት ሠራተኛ አንገቱን ይደፋል፤ ጎረቤቱ የጮኸለት ሠራተኛ ግን ቀና ይላል። ዕድር ማለትስ ምንድን ነው? በሞቱ ቀን የሚጮኹለት ሰዎች እንዳሉት አውቆ ሰው በሰላም እንዲተኛ የተቋቋመ ማኅበር አይደለም ወይ?

አሁን ወደ ጫጫታ እንምጣ። ወፎች በአንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ሲንጫጩ፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ፣ ገበያው ሲሞቅ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ልዩነቱን ለማየት ወደ ሶዶ መናኸሪያ መሄድ ይበቃል። አንዱ ረዳት «አረካ! አረካ!» ይላል። ሌላው «ቦዲቲ!» ይላል። ሦስተኛው «ሻሸመኔ!» እያለ ይጣራል። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲሰማ ጩኸት ነው፤ የሚጠራው ሰውና የሚናገረው አገር አለው። ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ከሩቅ ሲሰሙ ግን ጫጫታ ነው። ቦዲቲ የሚሄደው ሰው በዚያ ጫጫታ ውስጥ የራሱን ጩኸት ለይቶ ካልሰማ መኪናው ያመልጠዋል። ስለዚህ ጫጫታ ማለት የማን እንደሆነ፣ ማንንም እንደሚጠራ የማይታወቅ ድምፅ ነው ብንል አንሳሳትም። ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ልጅ የሌለበት ቤት እኮ ጫጫታ ይናፍቀዋል።

ሌሎቹም ቃላት ቦታ ቦታቸው ሊሰጣቸው ይገባል። ሁካታ የብዙ ሰው ድምፅ ሲነሣ ነው፤ በሠርግም በጠብም ይሆናል። ግርግር ድምፁ ብቻ ሳይሆን የሰዉ ወዲያና ወዲህ መሯሯጥ ጭምር ነው፤ ስለዚህም «ግርግር ለሌባ ይመቻል» ተባለ። ረብሻ ማለት ሥርዓት ያለውን ነገር ማወክ ሲሆን የሚጠቁመውም አጥፊ አለ ብሎ ነው። ኡኡታና እሪታ «ድረሱልኝ» ማለት ናቸው። ዋይታ የሐዘን ነው። እልልታ የደስታ ነው። ድምፅ ደግሞ ለሁሉም እናት ነው፤ በስብሰባ ላይ እጅ ስናወጣ «ድምፅ ሰጠን» እንላለን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይቆጠራል፤ ጩኸት ግን አይቆጠርም። ይህንን አንዳንድ ወንድሞቻችን በስብሰባ ጊዜ ቢያስቡት መልካም ነው።

እኛ የወላይታ ሰዎች በሁለት ቋንቋ የምንኖር ስለሆንን ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በወላይትኛ «ዋሲስ» ስንል ጮኸ ማለታችን ነው፤ «ዬኪስ» ስንል ግን አለቀሰ ማለታችን ነው። የሚያለቅሰው ሐዘኑን ያወጣል። የሚጮኸው ሰው ይጠራል። በገጠሩ ጡሩንባም ስልክም ባልነበረበት ጊዜ ከሞተ ሰው ደጅ የተነሣው ጩኸት ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየተላለፈ ዘመድን ይሰበስብ ነበር። ማልቀሱ ለብቻም ይሆናል፤ ለብቻ መጮኽ ግን ትርጉም የለውም፤ የሚሰማ ጆሮና የሚመጣ እግር ይፈልጋልና።

ቃሉን ለይቶ አለመጻፍ ምን እንደሚያደርስ ከራሳችን ታሪክ እንጥቀስ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበረች። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ በማቀላቀል «ወጋጎዳ» የተባለ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ተቃወሙ። በሶዶ ከተማ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የታሰረውም ብዙ ነው። በኋላ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ የተሰማውን ድምፅ ከሩቅ የሚመለከት ሰው «ረብሻ» ሊለው ይችላል። «ልጆቻችን በማናውቀው ቋንቋ አይማሩብን» ብሎ ለወጣው ሰው ግን ጩኸት ነበረ፤ አቤቱታ ነበረ። ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። «ረብሻ» ተብሎ የተጻፈ ጉዳይ ጠባቂ ያስጠራል፤ «አቤቱታ» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ያስከፍታል፤ «ጩኸት» ተብሎ የተነገረ ደግሞ ሰውን ከቤቱ ያስወጣል። ድምፁ ያው ነው፤ ቃሉ ግን መንገዱን ይለየዋል።

ይህንን ሁሉ ያልነው ወደ ሦስቱ ክርክሮቻችን ለመምጣት ነው።

የመጀመሪያው ጡሩንባው ነው። ወጣቶቻችን «በዚህ ዘመን ማለዳ ጡሩንባ እየነፉ ሰፈር ማስነሣት ጫጫታ ነው፤ በስልክ መልእክት መላክ ይበቃል» ይላሉ። የስልክ መልእክት ጥሩ ነው፤ ሀዋሳና አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ከጡሩንባ ይልቅ ስልክ ይደርሳል፤ ይህንን አንክድም። ነገር ግን መልእክት የሚያነበው ስልኩን የከፈተው፣ ባትሪ ያለው፣ ዓይኑም ፊደል የሚለይለት ሰው ነው። በዕድራችን ውስጥ ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉ። ስልክ ኖሯቸው ማንበብ የማይችሉ አባቶች አሉ። ጡሩንባው ሲነፋ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሲሰማም ከደጁ ወጥቶ «ማን ነው? የት ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ራሱ የለቅሶው መጀመሪያ ነው። ጡሩንባ ነፊያችን የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጠራ የሚዞረው ሰው ለመጥራት ነው። ስለዚህ ጡሩንባ በትርጉሙ ጩኸት ነው እንጂ ጫጫታ አይደለም።

ሁለተኛው ድምፅ ማጉያው ነው። በተለምዶ «ሞንታርቦ» የምንለው ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ድምፅ ማጉያ ከሚሠራ የጣሊያን ድርጅት ነው። በመጀመሪያ ወደ ድንኳን የገባው ድንኳን ውስጥ ያለው ለቀስተኛ የሚነገረውን እንዲሰማ ታስቦ ነበር። ዛሬ ግን አፉ ወደ መንገድ ዞሮ ሦስት ሰፈር ያደርሳል። ሐዘንተኛው ራሱ በድካም ሊያሸልብ ሲፈልግ አይችልም። አጠገቡ የሚጠና ልጅ አለ፤ የታመመ ሰው አለ፤ አራስ ትኖራለች። ነገሩ የለቅሶ ድንኳን ብቻ አይደለም፤ ሱቁም፣ የሙዚቃ ቤቱም፣ የማስታወቂያ መኪናውም ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ከተማችን የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ሰዉም፣ ባጃጁም፣ ክላክሱም በዝቷል። የየቤተ እምነቱ ድምፅ የየአባቶች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሕጉም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እንደ ጭስና እንደ ፍሳሽ ሁሉ ለድምፅም ልክ እንዲወጣለት ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ሌሊት ከመኝታ ቤት መስኮት ውጭ የሚሰማው ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው ሲነጋገሩ ወደ 60 ይደርሳል። እንግዲህ ሌሊት በመስኮት ሥር የሚደረግ ተራ ወሬ እንኳ ከተመከረው ልክ ያልፋል ማለት ነው። ሞንታርቦውን እናንተው መዝኑት።

የከፋው ግን እንቅልፍ ማጣቱ አይደለም። ጫጫታ ጩኸትን ይውጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ በእኛው መንደር የአንዲት እናት ማድ ቤት እሳት ተነሣበት። እናቲቱ ኡኡ ብለው ጮኹ። አጠገባቸው ያለ አንድ የንግድ ቤት ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ስለነበር ጎረቤቱ አልሰማም። ኋላ ሰው የወጣው ጩኸቱን ሰምቶ ሳይሆን ጭሱን አይቶ ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ሰው አልተጎዳም፤ ማድ ቤቱና የዓመት በርበሬያቸው ግን ነደደ። እኚያ እናት ያሉትን እናስታውሳለን፤ «ድምፄ እንኳ ለራሴ አልተሰማኝም» ነበር ያሉት። በዚያ ምሽት ጩኸታቸውን የቀማቸው ሌባ አልነበረም፤ ጫጫታ ነው።

ሦስተኛው የሌሊቱ ጩኸት ነው። ከዚህ ላይ ጠንከር አድርገን መናገር እንፈልጋለን። ከአንድ ቤት የሴት ወይም የልጅ ጩኸት ሲሰማ «ተዉት፣ የባልና ሚስት ጫጫታ ነው» ይባላል። ይህ አባባል ከሁሉ የከፋ የቃል ስህተት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ሆነው ሲከራከሩ ጫጫታ ይባል ይሆናል። አንዱ ሲመታ ሌላው «ድረሱልኝ» ሲል ግን ጩኸት ነው፤ የሚያስፈልገውም የሚደርስ ሰው ነው። ጠዋት ፊቷ ያበጠ ሴት ከውኃ ስትመለስ አይቶ «ምነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኽ ውሻ መሆን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም አካሉ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ አውቆ የተወ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል። አባቶቻችን ይህንን በአንቀጽ ሳይጽፉት ያውቁት ነበር።

መድረስም ቢሆን ማስተዋል ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዝናቡ ምክንያት መሬት ተንሸራትቶ ቤተሰብ ተቀበረ። በማግሥቱ ሐምሌ 15 ቀን ጎረቤት፣ ዘመድና ፖሊስ ሳይቀር ሊያወጣቸው ሲቆፍር ተራራው ሁለተኛ ተንዶ የደረሱትን ሰዎች ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እነዚያ ሰዎች ጩኸት ሰምተው «የእኔ አይደለም» ያላሉ ሰዎች ናቸውና ስማቸው በክብር ይነሣ። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግን ሲደርሱ አደጋው ማለፉን ማየት፣ የሚጠብቅ ሰው ማቆም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አለመግባት ነው። ይህ ለእሳትም፣ ለሌባም፣ ለቤት ውስጥ ድብደባም ይሠራል።

ከዚህ በላይ በተነገረው መሠረት ለጉባኤው የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጡሩንባው እንዲቀጥል፤ የስልክ መልእክትም ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ሁለተኛ፣ በዕድራችን ድንኳን የሚተከል ድምፅ ማጉያ አፉ ወደ ድንኳኑ ውስጥ እንዲዞር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም እንዲዘጋ፤ ሐዘንተኛው ከዚያ በፊት ይዘጋልኝ ካለም ቃሉ እንዲከበር።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ጩኸት የሰማ አባል ብቻውን ሳይሮጥ ግራና ቀኙን ያለውን ቤት አንኳኩቶ ቢያንስ ሦስት ሆነው እንዲወጡ፣ እግረ መንገዳቸውንም ለፖሊስ እንዲደውሉ። ደርሰው ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢያገኙት «በከንቱ አስነሣችሁን» ተብሎ በጮኸው ሰው ላይ እንዳይጮኽበት። እንዲህ ከተደረገ ሌላ ቀን ከልቡ ሲጨነቅ ይፈራና ዝም ይላል።

አራተኛ፣ ልጆቻችን ለጨዋታ ኡኡ እንዳይሉ እናስተምራቸው። ሌላ ጫጫታ ይብዛላቸው፤ ይዝለሉ፣ ይዝፈኑ። ኡኡታን ግን ለቁም ነገር ያቆዩት።

አምስተኛ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ጸሐፊዎቻችን አደራ፤ የተቸገረ አባል መጥቶ የተናገረውን «ጫጫታ አሰማ» ብለው አይጻፉ። ቢቆጣም፣ ድምፁ ከፍ ቢልም፣ «አቤቱታ አቀረበ» ይበሉ። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነበው ሰው ድምፁን አይሰማም፤ የሚያገኘው ቃሉን ብቻ ነው።

እንግዲህ አምስቱም አሳቦች በእናንተ እጅ ናቸው። ሊቀ መንበሩ አንድ በአንድ ለድምፅ ያቀርቧቸዋል። የሚደግፍም የሚቃወምም እጁን ያውጣ፤ አሳቡንም ተራውን ጠብቆ ይናገር።